ውሃ ሲጠግብ፦ ጨው፣ ስኳርና ማር ይዞ ሶሉቢሊቲን ወጥ ቤት ውስጥ መለካት

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ የኬሚስትሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። "አጎቴ፣ ሳቹሬትድ ማለት በጣም የወፈረ ማለት ነው አይደል?" አለችኝ። አይደለም። ግን አልፈረድኩባትም፤ እኔም በእሷ ዕድሜ እንደዚያው ጽፌ የመምህሩን ቀይ እስክሪብቶ ቀምሻለሁ። ያን ቀን የጅማ ዝናብ አላባራ ብሎ ስለነበር ከቤት መውጫ አልነበረንም። ወጥ ቤት ገባን፣ ጨውና ስኳር አወጣን፣ እስኪመሽ ድረስ ስንመዝንና ስናማስል ዋልን። እናቷ ስኳሩ ስላለቀባት ብዙም ደስ አላላትም። እኛ ግን ደስ ብሎን ስለነበር እንዴት እንደሠራነው ልጻፈው፤ ለሌላ ተማሪም ሆነ ልጅ ለሚያስጠና ሰው ይጠቅም ይሆናል።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ግራም የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን፣ ሁለት ሦስት ብርጭቆ፣ ማንኪያ፣ ድስት፣ ክር፣ ጨው፣ ስኳር። ቴርሞሜትር ካገኛችሁ እሰየው፣ ካጣችሁም ይሠራል። ሚዛኑን ግን አትዝለሉት። "አንድ ማንኪያ" የሚባለው መለኪያ እንደ ሰዉ እጅ ነው፤ አንዱ ልክ ልኩን ያደርጋል፣ ሌላው ይከምራል።

ቃላቱን ቶሎ እንለፋቸው። ጨው ውሃ ውስጥ ብትጨምሩ ጨው ሟሚ ነው፣ ውሃ አሟሚ ነው፣ የተገኘው ደግሞ ሙሙት፣ ወይም ክፍል ውስጥ እንደምንለው ሶሉሽን። ሶሉቢሊቲ ማለት በአንድ የታወቀ ሙቀት ላይ 100 ግራም ውሃ ቢበዛ ስንት ግራም ሊያሟሟ ይችላል ማለት ነው። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፦ አንሳቹሬትድ፣ ሳቹሬትድ፣ ሱፐርሳቹሬትድ። እኔ ለልጅቷ ያልጠገበ፣ የጠገበ፣ ጥጋበኛ እያልኩ ነው ያስረዳኋት። ሦስተኛው ቀልድ ይመስላል፤ ወረድ ብለን ስንደርስበት ግን ጸባዩ ቁርጥ የጥጋበኛ መሆኑን ታያላችሁ።

መጀመሪያ በጨው

ብርጭቆ ውስጥ 100 ግራም ውሃ መዝኑ። 100 ሚሊ ሊትር ብትሉም ያው ነው። ውሃው የቤቱን ሙቀት የያዘ ይሁን፣ አታሙቁት። 30 ግራም ጨው በአንዴ ጨምሩና አማስሉ። ትንሽ ደቂቃ ይፈጃል እንጂ ይሟሟል። ከዚያ በኋላ አትቸኩሉ፤ 2 ግራም ጨምሩ፣ አማስሉ፣ ጠብቁ፣ ጻፉ። 32 ይሄዳል። 34 ይሄዳል። 36 ላይ መለገም ይጀምራል። 38 ላይ እጃችሁ እስኪዝል ብታማስሉም ከሥር ነጭ ነገር ይቀራል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የጨው ሶሉቢሊቲ 36 ግራም አካባቢ ነውና ውጤታችሁ እዚያው ሠፈር ከወደቀ በደንብ ሠርታችኋል ማለት ነው።

ከ36 በፊት ዝቃጭ ካያችሁ አትደንግጡ። ከሂርማታ ገበያ የገዛነው ደቃቁ ሳይሆን ጠጠር ጠጠሩ ጨው ነበርና ከሥሩ አሸዋ መሰል ነገር ቀርቶብን ልጅቷ "ጠገበ!" ብላ ጮኸች። የቀረው ጨው ይሁን አፈር ለማወቅ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጨምሩበት። ጨው ከሆነ ይጠፋል፣ አፈር ከሆነ እንዳለ ይቀመጣል።

ይሄን ጥርጣሬ ጨርሶ የሚያስቀር ሌላ መንገድ አለ፣ እኔ እንደውም ይበልጥ የምወደው እሱን ነው። ጨውን ሆን ብላችሁ አብዝታችሁ አሟሙና ብርጭቆውን ክደኑት፤ ሲያድር ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ታገኛላችሁ። ያ ውሃ በእርግጠኝነት ጠግቧል፣ ከሥሩ ጨው ተኝቶ እያለ መራብ አይችልማ። ዝቃጩን ሳትነኩ ከላዩ 50 ግራም ቅዱና ቀድማችሁ በመዘናችሁት ትንሽ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ በቀስታ እሳት አትንኑት። መጨረሻው ላይ ጨው ይረጫል፣ ዓይናችሁን ጠብቁ፣ እሳቱንም ቀንሱ። ደርቆ ሲቀዘቅዝ መዝኑት። 13 ግራም ገደማ ጨው ይቀርላችኋል። ያ ማለት የተነነው ውሃ 37 ግራም ነው፤ 13ን ለ37 አካፍላችሁ በ100 ስታባዙት 35 ይመጣል። ግማሽ ግራም የሚያሳስት የቤት ሚዛን ይዛችሁ ከዚህ በላይ አትጠብቁ።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ተማሪ የሚወድቀው። 36 ግራም የተባለው በ100 ግራም ውሃ ነው እንጂ በ100 ግራም ሙሙት አይደለም። 100 ውሃና 36 ጨው ሲደመር 136 ግራም ሙሙት ነው፣ ስለዚህ 100 ግራም የጠገበ የጨው ውሃ ውስጥ ያለው ጨው 26.5 ግራም ብቻ ነው። ጥያቄው ላይ "ውሃ" የሚለውና "ሶሉሽን" የሚለው ቃል ላይ በእርሳስ ክብ አድርጉ። የእህቴን ልጅ ሦስት ጊዜ አስደግሜያታለሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ተነጫንጫለች።

የአገራችን ጨው ራሱ የሚገኘው በዚሁ ሕግ ነው። አፋር ውስጥ አፍዴራ ሐይቅ ዳር ጨዋማውን ውሃ ኩሬ ላይ ያስተኙታል። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨው ግን አብሮ አይተንም፤ ውሃው ሲያንስ የቀረው ይጠግባል፣ ከጠገበ በኋላ ደግሞ የሚተነው ጠብታ ሁሉ ተሸክሞት የነበረውን ጨው ጥሎ ነው የሚሄደው። እናንተ በድስት የሠራችሁት አፍዴራን በትንሹ ነው።

መጥገቡን በምን ታውቃላችሁ?

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሦስት ጥርት ያሉ ብርጭቆዎች ፊታችሁ ቢቀመጡና የትኛው የትኛው ነው ብትባሉ በዓይን አትለዩአቸውም። ቀለሙም ውፍረቱም አይነግራችሁም፣ መቅመስ ደግሞ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። አንድ ፍሬ ጨው ጣሉባቸው። ፍሬዋ ከሟሟች ያልጠገበ ነው። እንዳለች ሄዳ ከሥር ከተኛች የጠገበ ነው። ፍሬዋ ላይ ሌላ እየተለጠፈ ካደገች፣ ወይም ብርጭቆው በሙሉ በአንዴ ክሪስታል ከሆነ፣ ጥጋበኛ ነው።

ተኛች ስል ግን ምንም ነገር አይካሄድም ማለቴ አይደለም። ሰው የሞላ ታክሲ አስቡ። አንዱ ይወርዳል፣ ወዲያው ሌላው ይገባል፣ ረዳቱ ቢቆጥር ቁጥሩ ያው ነው። በጠገበ ሙሙት ውስጥም ጨው ይሟሟል፣ የሟሟውም ተመልሶ ይለጠፋል፣ ሁለቱ እኩል ስለሚሄዱ ነው እኛ ምንም ለውጥ የማናየው። መምህራን ዳይናሚክ ኢኩሊብሪየም የሚሉት ይሄንን ነው።

ማማሰልና መውቀጥም እንዳያሳስታችሁ። ጨውን ፈጭታችሁ ብትጨምሩት ቶሎ ይሟሟል፣ ብታማስሉት ቶሎ ይሟሟል፣ ግን 36ቱ 36 ነው። ፍጥነት ሌላ፣ ልክ ሌላ።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ፣ "የወፈረ" ወዳለችው። ግድግዳ የሚቀባበትን ኖራ ታውቁታላችሁ። ኖራን በውሃ በጥብጣችሁ ብታቆዩት ነጩ ይዘቅጥና ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ይቀራል። ያ ጥርት ያለው ውሃ የጠገበ ነው፣ ግን በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟው ኖራ 1.7 ግራም አካባቢ ብቻ ነው፣ እንደ ውሃ የቀጠነ ነው። በሌላ በኩል 100 ግራም ውሃ ውስጥ 150 ግራም ስኳር ብታሟሙ ማንኪያ ላይ የሚዝለገለግ ሽሮፕ ታገኛላችሁ፣ ግን አልጠገበም፣ ገና 50 ግራም ያህል ይቀበላል። ቀጭኑ ጠግቧል፣ ወፍራሙ ገና ይፈልጋል። ኖራውን በቤት አትሞክሩት፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ድንጋዩ ኖራ ደግሞ ውሃ ሲነካው ይፈላል። ማወቁ ይበቃል።

ሙቀት ሲገባበት

አሁን ስኳር። በ20 ዲግሪ 100 ግራም ውሃ ወደ 200 ግራም ስኳር ያሟሟል። አዎ፣ ከራሱ ክብደት እጥፍ። በ100 ዲግሪ ደግሞ 487 ይደርሳል። ጨውን ስታዩት ግን ከ36 ተነስቶ በ100 ዲግሪ 39 ላይ ይቆማል፤ ብታፈሉትም ባታፈሉትም ግድ የለውም። ሁለቱን በካሬ ወረቀት ላይ ሙቀቱን ወደ ጎን፣ ግራሙን ወደ ላይ አድርጋችሁ ብትሥሉ የጨው መስመር እንደ ሜዳ የተኛ፣ የስኳሩ እንደ ዳገት የሚወጣ ይሆናል። መጽሐፉ ላይ ያለው ኩርባ ይኸው ነው። ከመስመሩ በታች ያለ ነጥብ ያልጠገበ፣ መስመሩ ላይ ያለ የጠገበ፣ ከመስመሩ በላይ ያለ ጥጋበኛ።

ጅማ ላይ ደግሞ አንድ ጣጣ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ንጹህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ "100 ዲግሪ" ያለውን ቁጥር እዚህ የፈላ ውሃ ይዛችሁ አትደርሱበትም። ስኳር የገባበት ውሃ የመፍያ ነጥቡ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ያም ቢሆን ቴርሞሜትር ያለው ሰው ራሱ ለክቶ ይጻፍ እንጂ ከመጽሐፍ አይገልብጥ።

መቼም ጅማ ተቀምጦ ስለ ቡና ሳያነሱ ማለፍ ያስቸግራል። ቡና በጨው የሚጠጡ ትልልቅ ሰዎች አሉን። 70 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ሲኒ እስክትጠግብ ጨው ብንጨምርባት ከ25 ግራም በላይ ትወስዳለች፤ እንኳን ሰው፣ ጨው የሚወድ በሬም አይጠጣትም። ምላሳችን የሚጠግበው ውሃው ከመጥገቡ በጣም ቀድሞ ነው።

ፈተና ላይ ሙቀት የሚመጣው በፖታሲየም ናይትሬት ነው፣ ኩርባው ስለሚያምር። በ60 ዲግሪ 110 ግራም፣ በ20 ዲግሪ 32 ግራም። "በ60 ዲግሪ የጠገበ 420 ግራም ሶሉሽን ወደ 20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ስንት ግራም ክሪስታል ይወርዳል?" ይሏችኋል። አብዛኛው ልጅ 420ን ውሃ አድርጎ ይነሳና እዚያው ይሰምጣል። ቀስ በሉ። 100 ውሃ ሲደመር 110 ፖታሲየም ናይትሬት 210 ነው። 420 የዚያ እጥፍ ነው፣ ስለዚህ 200 ግራም ውሃና 220 ግራም ሟሚ አለ። 200 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ የሚይዘው 64 ግራም ነው። 220 ሲቀነስ 64፣ 156 ግራም ይወርዳል። ውሃውን ቀድማችሁ ካገኛችሁ ሌላው መቀነስ ብቻ ነው።

ጥጋበኛውን መሥራት

አሁን የሚጣፍጠው ክፍል። 300 ግራም ስኳርና 100 ግራም ውሃ ድስት ውስጥ አድርጉና በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ አሙቁ። አንዲት ፍሬ እንኳ እስከማይቀር ድረስ ጠብቁ፣ ድስቱ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውንም በእርጥብ ማንኪያ ወደ ውስጥ አውርዱ። ለምን እንደሆነ አሁን ትረዳላችሁ። ስትጨርሱ ንጹህ ብርጭቆ ውስጥ ገልብጡትና ከድናችሁ ሳትነቀንቁ አቀዝቅዙት። ሒሳቡ 100 ግራም ስኳር መውረድ አለበት ይላል፣ ምክንያቱም በቤት ሙቀት 200 ብቻ ነው የሚያዘው። እናንተ ግን ምንም ሲወርድ አታዩም። ጥርት ብሎ ይቀመጣል። ይሄ ነው ጥጋበኛው፣ ከአቅሙ በላይ ይዞ ምንም እንዳልሆነ የሚኮፈሰው። የሚነካው ሲያገኝ ግን ራሱን አይችልም። የተረሳች አንዲት የስኳር ፍሬ፣ ጠርዝ ላይ የቀረች ቅርፊት፣ አቧራ እንኳ ትበቃዋለች።

የሚነካውን እኛው እንስጠው። ክር አርጥቡ፣ ስኳር ላይ አንከባሉት፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ካልደረቀ ፍሬዎቹ ሽሮፑ ውስጥ ይረግፉና ክሪስታሉ ክሩ ላይ ሳይሆን ብርጭቆው ሥር ይሠራል፤ የመጀመሪያው ሙከራችን የከሸፈው በዚህ ነው። ሽሮፑ ገና ትኩስ እያለም አትንከሩት፣ ትኩሱ አልጠገበምና ፍሬዎቹን ያሟሟቸዋል። ሲቀዘቅዝ ክሩን ስንደዶ ወይም እርሳስ ላይ አስራችሁ ሥሩን ሳይነካ አንጠልጥሉትና በስስ ጨርቅ ሸፍኑት። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። በየሰዓቱ እያነሳችሁ አትዩት። በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን የሚያብረቀርቅ ነገር ይጀምራል፣ በሳምንት አካባቢ የምትኮሩበት ክሪስታል ይሆናል። ሎሚ ግን ጠብ እንዳታደርጉበት። ለጣፋጭ የሚሆን ሽሮፕ የሚሠሩ ሰዎች ሎሚ የሚጨምሩት እንዳይደርቅባቸው ነው፤ አሲዱ ከሙቀት ጋር ሆኖ ስኳሩን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍለውና ክሪስታል መሥራት ይከለክለዋል።

ሳምንት መጠበቅ የማይችል ሰው በአቼቶ ይሞክር። 5 በመቶ አሲድ ያለው አንድ ሊትር አቼቶ ውስጥ 70 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፤ በአንዴ ከደፋችሁት አረፋው ወለል ላይ ነው የሚያርፈው። መፍላቱ ሲያቆም የቀረው በውሃ ውስጥ የሟሟ ሶዲየም አሲቴት ነው። አፍልታችሁ ላዩ ላይ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ አሳንሱት፣ መስኮት ክፈቱ ደግሞ፣ ሽታው አይጣል ነው። ቅርፊት ሲይዝ አውርዱት፣ ቅርፊቱ እስኪሟሟ አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጨምሩ፣ ንጹህ ብርጭቆ ውስጥ ገልብጣችሁ ከድኑና አቀዝቅዙ። ድስቱ ጠርዝ ላይ የደረቀውን ዱቄት ፋቁና አስቀምጡ። በደንብ ሲቀዘቅዝ ከዚያ ዱቄት ቅንጣት ጣሉበት። ዓይናችሁ እያየ ነጭ ነገር እየተዘረጋ ብርጭቆውን ይሞላዋል፣ ብርጭቆውም እጃችሁ ላይ ይሞቃል። ልጅቷ "በረዶ ሆኖ ይሞቃል እንዴ?" አለች። በረዶ አይደለም፣ ሲሟሟ የወሰደውን ሙቀት ክሪስታል ሲሆን እየመለሰ ነው። መልሳችሁ ብታሞቁት ይሟሟል፣ እንደገና መጫወት ይቻላል። አይበላም።

ጠርሙስ ውስጥ ያለ አምቦ ውሃም የዚሁ ዘመድ ነው፣ የሟሟው ግን ጋዝ ነው። ጋዝ ደግሞ ተቃራኒ ጸባይ አለው፣ ውሃው ሲሞቅ ይሸሻል። ክዳኑን ስትከፍቱ ግፊቱ ስለሚወርድ ውሃው በድንገት ጥጋበኛ ይሆናል። ቁንጥር ጨው ጣሉበትና ምን እንደሚሆን እዩ። ሳፋ ላይ ሁናችሁ።

የረጋው ማር

ከዓመታት በፊት ማር ገዝቼ ነበር። በወሩ ረጋብኝ፣ እንደ ቅቤ ነጣ፣ ማንኪያ አልገባበት አለ። ስኳር ቀላቅላ ሸጠችልኝ ብዬ ወደ ሻጯ ሄጄ ሰው ፊት ተናገርኳት። ሴትየዋ ዝም ብላ ሰምታኝ "ልጄ፣ ማር እኮ ይረጋል" አለችኝ። ኬሚስትሪ ተምሬያለሁ የምለው እኔ ነበርኩ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 100 ግራም ማር ውስጥ 18 ግራም ገደማ ውሃ፣ 31 ግራም ገደማ ግሉኮስ አለ እንበል፣ የቀረው አብዛኛው ፍሩክቶስ ነው። በ25 ዲግሪ 100 ግራም ውሃ የሚያሟሟው ግሉኮስ 91 ግራም ነው። ሌላውን ስኳር ለጊዜው ብንተወው 18 ግራም ውሃ የሚችለው 16 ግራም ግሉኮስ ብቻ ነው። የተሸከመው ግን 31። ማር ከቀፎው ሲወጣ ጀምሮ ጥጋበኛ ነው። የአበባ ብናኝ ወይም የሰም ቅንጣት ሲያገኝ ግሉኮሱ ክሪስታል እየሆነ ይወርዳል፣ በቀላሉ የሚሟሟው ፍሩክቶስ ይቀራል። አንዱ ማር ከሌላው ቀድሞ የሚረጋው ንቧ የቀሰመችው አበባ ስለሚለያይ ነው፤ ግሉኮስ የበዛበት ይፈጥናል። ብርዱም ያፋጥነዋል፣ 14 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በጣም ይፈጥናል። እንግዲህ መርጋቱ ብቻውን ስኳር ተቀላቅሎበታል ለማለት ማስረጃ አይሆንም። አለመርጋቱም ንጹህ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም።

የረጋውን ለመመለስ ዕቃውን እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ፣ 40 ዲግሪ አካባቢ፣ ውስጥ አስቀምጡትና ውሃውን እየቀየራችሁ ጠብቁ። እሳት ላይ አትጣዱት፣ መዓዛው ይሄዳል። ሲቀልጥም አንድም ፍሬ እንዳይቀር፤ የቀረችው ፍሬ በሳምንቱ መልሳ ታረጋዋለች፣ ድስት ጠርዝ ላይ እንደቀረችው የስኳር ቅርፊት ማለት ነው።

ሴትየዋን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ እስካሁንም ከእሷ ነው የምገዛው።

ስለ ክሪስታሉ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ስታወጡት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለአፍታ ነክራችሁ ቶሎ አውጡት፣ ላዩ ላይ ያለው ሽሮፕ ካልታጠበ ሲደርቅ ያጣብቃል። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ የሚል ጠርሙስ ውስጥ አስገቡት። በክረምት የጅማ አየር እርጥበት ስለሚበዛው ጨው እንኳ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ይረጥባል። እኛ ያማረ ክሪስታላችንን ሰው ይየው ብለን መስኮት ላይ ሰቅለነው ነበር። በሦስተኛው ቀን ማላብ ጀመረ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት ጉንዳኖች ከመስኮቱ እስከ ክሩ ድረስ ተሰልፈው አገኘናቸው።